የጥርስ አዋቂው ጥርስ

«አንቺ ዓይንሽ ይሻላል፤ ያዢው» አሉ አባባ ኑርሁሴን፣ ማጭድ የሚሞረድበትን ሞረድ ወደ ልጅ ልጃቸው እየገፉ።

ቶይባ ሞረዱን አልተቀበለችም። በግራ መዳፏ ላይ የአያቷ የታችኛው ጥርስ ከነሮዝ ድዱ ተቀምጧል፤ ሽቅብ የሚስቅባት ይመስላል። ከክሊኒኩ ከወጣ ገና ስምንት ቀኑ ነው። የዚያን ቀን እናቷ ረቢአ የገዛ አባቷን፣ አባባን፣ በር ላይ አይታ «ማሻአላህ! ሙሽራ መሰልክ እኮ!» ብላ እልል ብላ ነበር።

«አባባ፣ ዶክተር ዓፊያ ‹ራሳችሁ እንዳትነኩት› ብላለች።»

«ብላለች። እሷ ግን እዚህ የለችም፤ እዚህ ያለው ሕመሙ ነው።»

«እና እንሂዳ! በባጃጅ አምስት ደቂቃ ነው እኮ።»

«ኢንተሎ» አሉ። በኦሮምኛ «አንቺ ልጅ» ሲሏት ነገሩ ከረረ ማለት ነው። «እኔ አይቼ፣ አገላብጬ፣ እሺ ብዬ ነው የተቀበልኩት። አይቶ የወሰደ ሰው በሳምንቱ ተመልሶ ‹ጥርሱ እንዲህ ሆነ› ይላል?»

ይህ አነጋገር ለሌላ ሰው ግራ ነው፤ ሰንበቴ የከብት ገበያ ለዋለ ሰው ግን ግልጽ ነው። አባባ ኑርሁሴን ከአርባ ዓመት በላይ እሑድ እሑድ ከከሚሴ ሰንበቴ ሄደዋል። ገዥና ሻጭ በበሬ ዕድሜ ሲጨቃጨቁ «ጥርስ አዋቂውን ጥሩት!» ይባላል። እሳቸው የበሬውን ከንፈር በአውራ ጣታቸው ገለጥ ያደርጋሉ፤ «ይሄ አራት አውጥቷል»፣ «ይሄ ሞልቷል»፣ «ይሄ እንኳ አርሶ ጨርሷል፤ አላህ ይዘንለት» ይላሉ። አለቀ። ከቆላ የመጣው አፋርም፣ ከደጋ የወረደው ገበሬም ከዚያ በኋላ አይከራከርም። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድማቸው በሬ ሲሸጥ ተጠርተው «አሮጌ ነው» ብለው ገበያውን አፍርሰውበታል። ወንድምየው ሁለት ረመዳን አኩርፏቸዋል። እሳቸው ግን ጥርሱ ላይ ያዩትን ተናገሩ እንጂ ሌላ ምን ሊሉ ኖሯል?

የዚያ ገበያ ሕግ ደግሞ እንዲህ ነው፦ አፉን አይቶ፣ እጅ መትቶ የተስማማ ገዥ፣ በሳምንቱ በሬውን እየጎተተ «አልተስማማኝም» ብሎ ቢመጣ፣ ሰው የሚስቀው በሻጩ ሳይሆን በገዥው ነው። «ያኔ ዓይንህ የት ነበር?» ይሉታል። አባባ ኑርሁሴን በዚህ ሕግ አርባ ዓመት በሌሎች ስቀዋል። አሁን ተራው የእሳቸው እንዲሆን አልፈለጉም።

«ትንሽ ብቻ» አሉ አሁን፣ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው። «እዚህ ግራ በኩል። ረዝሟል፤ ለዚህ ነው ድዴን የሚወጋኝ። የበሬ ጥርስ አይቼ የማላውቀው ነገር አለ? አውቃለሁ ስልሽ።»

ቶይባ አያቷን አየቻቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ሾርባ ብቻ ነው የጠጡት። ግራ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ሲሰግዱ አይታለች። ሞረዱን ተቀበለች።

* * *

የጥርሱ ነገር የተጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። አባባ ኑርሁሴን የድሮውን ጥርሳቸውን ያሠሩት ደሴ ነበር፤ ያኔ ቶይባ ቀርቶ እናቷም አላገባችም። አሥራ ስምንት ዓመት አገልግሎ ላዩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ጠፍጥፏል። ጥርሱ ሲያጥር አገጫቸው ወደ አፍንጫቸው ቀረበ፤ የአፋቸው ጥግና ጥግ ተሰነጣጥቆ ሲስቁ ይደማል። እንጀራ በወጥ ካልራሰላቸው አይወርድላቸውም። ረቢአ ለምና ለምና ሲያቅታት ቶይባን ላከቻት፤ አባባ ለልጃቸው እምቢ ይላሉ፣ ለልጅ ልጃቸው ግን እምቢ ማለት አይሆንላቸውም።

የክሊኒኩ ዶክተር ዓፊያ ወጣት ናት። መጀመሪያ አፋቸውን አላየችም። አሮጌውን ጥርስ ተቀብላ አጠበችው፣ በነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጠችና ወደ እሳቸው ገፋችው።

«አባ፣ ሰው ሁሉ ጥርስ አዋቂ ይልዎታል። ይህ የበሬ ጥርስ ቢሆን ባለቤቱን ምን ይሉት ነበር?»

አባባ መነጽራቸውን አደረጉ። አገላበጡት። መቼም ሥራ ሥራ ነው፤ ጥርሱ የማን እንደሆነ ለአፍታ ረሱት። «ይሄማ… ይሄማ ሣር መንጨት ትቶ የሌላውን ግጦሽ ቆሞ የሚያይ ነው። አጥብቆ የሚያርስበት ሰው ካለ አላህን ይፍራ!»

ቶይባ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ያዘችው። አባባ ጥርሱን ቀስ ብለው ጨርቁ ላይ መለሱት።

«ይቀየር» አሉ።

ቶይባ ከዚያ በኋላ ያየችውን ለክፍል ጓደኛዋ ለኢልሃም ስትነግራት ኢልሃም «አቦ አትቀደጂ!» ነበር ያለቻት። ጥርስ እንደ ጫማ ከመደርደሪያ የሚነሳ ነበር የመሰላት። ዶክተር ዓፊያ በመጀመሪያ አሮጌው ጥርስ ያስቆጣው ድድ እንዲያርፍ አሥር ቀን ያለ ጥርስ አስቀመጠቻቸው። ቀጥሎ ሊጥ የመሰለ ነገር አፋቸው ውስጥ ጨምራ ልክ ወሰደች፤ ልኩ ላይ ጀሶ ፈሰሰበትና የአባባ ድድ ራሱ እንደ ድንጋይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በጓሮ በኩል ባለችው ጠባብ ክፍል ሙጂብ የሚባለው ወጣት ባለሙያ ጥርሶቹን በሰም ላይ አንድ በአንድ ደረደራቸው። ቶይባ በመስኮት አይታዋለች። ክር በመርፌ ቀዳዳ የሚያስገባ ሰው እንኳ ትንፋሹን እንዲያ አይዝም። አባባ በሰም ያለውን ሞክረው፣ «ስ» እንዴት እንደምትወጣ እንዲታይ፣ «ስልሳ ስድስት» እንዲሉ ታዘዙ፤ አሉ፤ ዶክተሯ አንዲት ጥርስ ጠቆመች፤ ሙጂብ የፀጉር ያህል ገፋት፤ እንደገና «ስልሳ ስድስት»። አምስት ጊዜ! አባባ «ዕድሜዬን ለማሳነስ ነው እንዴ?» ሲሉ ሙጂብ እስኪያስለው ሳቀ።

ጥርሱ ያለቀ ቀን አባባ መስታወት ፊት ብዙ ቆዩ። ጉንጫቸው ሞልቷል፣ ከንፈራቸው ተመልሷል። «በሬ እንኳ የላይኛው የፊት ጥርስ የለውም» አሉ በመጨረሻ፤ «እኔ ሁለቱንም ረድፍ ሞልቼ መጣሁ። አልሃምዱሊላህ።»

«አባ፣ አሁን ነው ሥራው የሚጀመረው» አለች ዶክተር ዓፊያ። «መጀመሪያ ምራቅ ይሞላብዎታል፣ አፍዎ እንግዳ ነገር ገባብኝ ብሎ ነው፤ ያልፋል። ለስላሳ ነገር፣ ትንሽ ትንሽ፣ በግራም በቀኝም እኩል ያኝኩ። በፊት ጥርስ አይግመጡ። ምላስዎን ከታችኛው ጥርስ ኋላ ያሳርፉት፤ ታችኛውን የሚይዘው እሱ ነው። ሲተኙ አውልቀው ውኃ ውስጥ። ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይናገሩ፣ ይቁጠሩ። ካመመዎት ደግሞ ቤት አይቀመጡ፤ በማግስቱ አድርገውት ይምጡ፣ የቀላውን ቦታ ልየው። ካላመመዎት በሁለት ሳምንት ሐሙስ እንገናኝ።» ወደ ቶይባ ዞረች። «ራሳችሁ እንዳትነኩት። እሺ?»

«እሺ» አለች ቶይባ።

በሦስተኛው ቀን እሑድ ነበርና ሰንበቴ ሄዱ። ለአንድ ወይፈን ዕድሜ ተጠሩ፤ አፉን አዩ፤ «ስድስት አውጥቷል» ሊሉ ሲሉ «ስ»ዋ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ አፏጨች። አንዱ ደላላ ከኋላ ቀድቶ አፏጨ። ገበያው ሳቀ። አባባም ሳቁ፤ ግን በዚያ ቀን ሌላ በሬ አላዩም። በሳምንቱ አጋማሽ ግራ ድዳቸው ማመም ጀመረ። ዓርብ ሞረዱ ወጣ።

* * *

ቶይባ ሞረደች። አያቷ በአፋቸው ሞከሩት፤ «ትንሽ ይጨመር» አሉ። ጨመረች። «አሁንም ትንሽ።» ጨመረች። ሲጨርሱ አባባ የሞረዱን ጭረት ለማጥፋት ጥርሱን በአመድ አሽተው አሽተው አለሰለሱት፤ ይህን ማንም አላዘዛቸውም፣ የራሳቸው ብልሃት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጥርሱ እንደ ተነቀነቀ በርጩማ ሆነ። በቀኝ ሲነክሱ በግራ ይነሳል። ሕመሙ አልቀነሰም፤ ጭራሽ በቀኝም ጨመረ። አባባ አውልቀው ውኃ ውስጥ ጣሉትና እሑድ የላይኛውን ብቻ አድርገው ሰንበቴ ሄዱ። ቶይባ ዕቃ ልትይዝ ተከተለቻቸው።

ከብት መቆሚያው አጠገብ ጓደኛቸው አብዱልፈታህ ቆመዋል። የፍየል ነጋዴ ናቸው፤ የራሳቸው ጥርስ ካለቀ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዳቦ በሻይ እየነከሩ ይበላሉ። የአባባን መልክ ካዩ በኋላ ግን እሳቸውም ከዚያው ክሊኒክ ቀጠሮ ይዘዋል።

«ኑርዬ! ምነው፣ ታችኛው የት ሄደ?»

ሰው ተሰብስቦ ነበር። ባለፈው ያፏጨው ደላላም አለ። አባባ አንዴ ሰውን፣ አንዴ መሬቱን አዩ።

«ሲሠሩት አበላሹት» አሉ።

ቶይባ የሰማችውን ማመን አቃታት።

«በል እንግዲህ!» አሉ አብዱልፈታህ። «አንተ ጥርስ አዋቂው ተበላሸ ካልክ፣ ተበላሽቷል። እኔም ይቅርብኝ። ዳቦና ሻይ ምን አለኝ?» ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችም ራሳቸውን ነቀነቁ። ማንም «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አልጠየቀም። የአባባን ቃል በዚያ ገበያ ማን ይጠይቃል?

ወደ ከሚሴ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ቶይባ በመስኮቱ የጨፋ ሜዳን ማሽላ እያየች ዝም አለች። ሁልጊዜ «ይሄኛው በሬ ስንት ነው?» «ያኛውስ?» እያለች የምታደርቃቸው ልጅ ናት።

«ምን ልበል ነው ያልሽው?» አሉ አባባ ሳትጠይቃቸው። ታችኛው ረድፍ ስለሌለ ቃላቸው ለስለስ ብሎ ነው የሚወጣው። «‹ጥርስ አዋቂው ኑርሁሴን የራሱን ጥርስ በማጭድ ሞረድ ገዘገዘ› ልበል? ዕድሜ ልኬን ይጠሩኛል እኮ በዚህ።»

«እኔ ምንም አላልኩም፣ አባባ።»

«እሱን ነው የምልሽ። ዝምታሽ ይጮኻል።» ጨመሩም፦ «ሐሙስ እንሄዳለን። ዶክተሯ ከጠየቀች እኛ አልነካነውም። አንቺንም ትቆጣሻለች። እኔ ላንቺ ብዬ ነው።»

ቶይባ ‹ለእኔ ነው?› ብላ አሰበች። ትንሽ ለእሷም ነው፣ እውነት ነው። ሞረዱን የያዘችው እሷ ናት፤ «እሺ» ያለችውም እሷ ናት። ይኼ ነው የከፋው።

* * *

ሐሙስ ዶክተር ዓፊያ የታችኛውን ጥርስ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ዞር ዞር አደረገችው።

«አባ፣ ይህን የነካው አለ?»

«ማንም» አሉ አባባ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጥርስ መቦረሽ ሥዕል በጣም ትኩር ብለው ያዩ ነበር።

ዶክተሯ ካርቦን የመሰለ ሰማያዊ ወረቀት በጥርሶቹ መሃል አድርጋ «ይንከሱ» አለች። ነከሱ። ሰማያዊው ምልክት በቀኝ በኩል ብቻ ታተመ፤ በግራ አንዲት ነጥብ የለም። ቅንድቧን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ጓሮ ተጣራች።

«ሙጂብ! አንዴ ና።»

ሙጂብ ሰም የነካ ጣቶቹን በጋዋኑ እየጠረገ መጣ። ጥርሱን ተቀብሎ አየው። መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ዶክተር… እኔ ነኝ መሰለኝ። የዚያን ዕለት ስጨርሰው መብራት ሁለቴ ጠፍቶብኝ ነበር። ቸኩያለሁ። ማለስለሻው በግራ በኩል በልቶት ይሆናል።» ወደ አባባ ዞሮ ዝቅ አለ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ነገ ባቲ እናቴ ዘንድ ልሄድ ነበር፤ እሱ ይቀራል። ዓርብም ቅዳሜም እሠራለሁ። አዲስ አድርጌ ነው የምሠራልዎት።»

«ደብተርህ ላይ ጻፈው» አለች ዶክተር ዓፊያ። አልጮኸችም። ግን ቶይባ «ጻፈው» ሲባል የሙጂብ ጆሮ ሲቀላ አየች። ሥራውን ከጀመረ ገና ሦስት ወሩ ነው። ስልሳ ስድስትን አምስት ጊዜ አስብሎ አንዲት ጥርስ በፀጉር ልክ የሚገፋ ልጅ፣ ያላደረገውን ነገር በራሱ እጅ ሊጽፍ እስክሪብቶ ይፈልጋል።

ቶይባ አያቷን አየቻቸው። አላዩዋትም። አሁን ብትናገር አባባ በዶክተሯ ፊት ውሸታም ይሆናሉ። የገበያው ሁሉ ምስክር፣ ለወንድማቸው እንኳ ያላዳሉት አባባ። ዝም ብትል ደግሞ ሙጂብ እስክሪብቶውን አግኝቶታል፤ ክዳኑን እየነቀለ ነው።

«እሱ አይደለም» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ወጣ። «እኔ ነኝ የሞረድኩት።»

ሁሉም ዞሩ።

«በምን?» አለች ዶክተር ዓፊያ።

«በሞረድ። በማጭድ ሞረድ።»

ሙጂብ ጥርሱን እንደገና ወደ ብርሃኑ አነሳው። «በማጭድ ሞረድ?» አለ። «እንዲህ ቀጥ አድርገሽ?» ከዚያ ሊይዘው ሞከረ፣ አልቻለም፤ ሳቁ አመለጠው። «ወላሂ እጅሽ አይንቀጠቀጥም! እኔ በማሽን እንኳ…»

«ሙጂብ» አለች ዶክተሯ።

«ይቅርታ።»

አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሲከፍቱት ቶይባን ነው ያዩት፤ ቁጣ የሚመስል ነገር ፊታቸው ላይ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ።

«እጁ የእሷ ነው» አሉ። «ትእዛዙ የእኔ ነው። አመዱም የእኔ ነው።»

«ምን አመድ?» አለች ዶክተር ዓፊያ።

አባባ ሁሉንም ተናገሩ። ሕመሙን፣ ፉጨቱን፣ አይቶ የወሰደ ሰው አይመለስም የሚለውን የገበያውን ሕግ። ዶክተሯ በርጩማዋን ጎትታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አባ፣ በሬ የሚሸጥ ሰው እጅ መትቶ አገሩ ይገባል። እኔ ግን የትም አልሄድኩም፤ እዚሁ ነኝ። እርስዎ ሳይመለሱ ሲቀሩ ነው የእኔ ሥራ ግማሽ የሚቀረው።»

ከዚያ ነጭ ቅባት በጥርሱ የውስጥ ሮዝ ላይ ቀብታ አስገባችው፣ ጫን አደረገችና አወጣችው። ቅባቱ ሁሉ ቦታ አለ፤ ከግራው ጠርዝ ውስጥ ምስር በምታህል ቦታ ላይ ብቻ ተጠርጎ ሮዙ ታየ።

«ያመመዎት ይሄ ነው። ጥርሱ አልረዘመም። ይህችን ጠርዝ ብቻ ሁለት ደቂቃ ማለስለስ ነበር።»

«ሁለት ደቂቃ» አሉ አባባ።

«ምናልባት ሦስት» አለ ሙጂብ።

* * *

የተሞረዱት ጥርሶች ተነቅለው አዲስ እስኪተከሉ አንድ ሳምንት ፈጀ። ሙጂብ ግን ዓርብ ባቲ ሄደ፤ አባባ ናቸው ሂድ ያሉት። «እናትህ ትቅደም፤ የእኔ አፍ የለመደው መጠበቅ ነው» ብለው።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ቶይባ አያቷ እንዲህ ያሉ ተማሪ ይሆናሉ ብላ አስባ አታውቅም። በየማለዳው ሱብሒ ሰግደው ሲያበቁ ጓሮ ይወጣሉ፤ ፍየሎቹ ፊት ቆመው ከስልሳ እስከ ሰባ ይቆጥራሉ። «ስልሳ ስድስት» ላይ ሲደርሱ ቀንዳሟ ፍየል ቀና ትላለች። እንቁላል ቅቅል በግራና በቀኝ ያኝካሉ፤ ቀጥሎ ድንች፤ በሦስተኛው ሳምንት ረቢአ የሠራችውን ጨጨብሳ። ቀስ ብለው ሲያኝኩ ግንባራቸው ያልባል። አንድ ቀን ረቢአ «በቃ ይቅርብህ አባዬ፣ ተሠቃየህ» ስትላቸው «ዝም በይ፤ ተሳስቼ እንዳልቆጥር» አሏት፤ በእያንዳንዱ ጉርሻ ሃያ ጊዜ ነው የሚያኝኩት። ባመማቸው ቁጥር በማግስቱ ክሊኒክ ይገኛሉ። አራት ጊዜ ተመላልሰዋል። በአራተኛው ዶክተር ዓፊያ ድዳቸውን አይታ «ምንም የቀላ የለም፤ ዛሬ ምን ልሥራ?» ብትላቸው «ሰላም ልልሽ ነው የመጣሁት» ብለው ተመለሱ።

የአፋቸው ጥግ ዳነ። ሥጋ በትንሽ በትንሹ ተቆርጦ በሉ። «ስ» ግን ሙሉ በሙሉ አልተገራችም፤ ስትቸኩል አሁንም ታፏጫለች።

ቶይባን የሚከነክናት ሌላ ነገር ነበር። አባባ ሰንበቴ መሄድ ጀምረዋል፤ ስለ አብዱልፈታህ ግን አንድ ቃል አይተነፍሱም። አብዱልፈታህ ቀጠሯቸውን ሰርዘዋል። ያኔ አብረው ራሳቸውን የነቀነቁት ሽማግሌዎችም አንዳቸው ክሊኒኩን አልረገጡም። ለኢልሃም ስትነግራት ኢልሃም «አንቺ ራስሽ ሂጂና ንገሪያቸዋ፤ ክሊኒኩ ላይ እንዳደረግሽው!» አለቻት። ቶይባም ወሰነች። ቃሏን እንኳ አሰናዳች፦ «አባ አብዱልፈታህ፣ ጥርሱን ያበላሹት እነሱ አይደሉም፣ እኔ ነኝ» ትላለች። አያቷን አትጠቅስም።

እሑድ ሆነ። አባባ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው በር ላይ ቆሙና «አትመጪም?» አሏት።

ገበያው ሞቅ ካለ በኋላ ደረሱ። ወዲያው ተጠሩ፤ አንድ የጨፋ ገበሬ ቀይ በሬ ይዟል፣ ገዥው ዕድሜውን አልቀበል ብሏል። አባባ ከንፈሩን ገለጡ።

«ሞልቷል፤ ገና አሁን ነው የሞላው። የአምስት ዓመት ነው» አሉ። ጥርት ብሎ ወጣ። ገዥው አላቅማማም፤ የሻጩን እጅ መታ።

አብዱልፈታህ በሰው መሃል ገፋ ገፋ አድርገው መጡ። በእጃቸው ግማሽ ዳቦ ይዘዋል።

«አንተ ሰው! አፍህ ሞልቷል እኮ! ያ የተበላሸው ጥርስ ተሠራልህ?»

ሰዉ አባባን አየ። ያ ደላላም፣ እነዚያ ሁለት ሽማግሌዎችም ነበሩ። አባባ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ አንዴ ጠርገው፣ ደገሙት። ቶይባ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች። ቃሏ ምላሷ ላይ ነበረ፤ «አባ አብዱልፈታህ» ለማለት አፏን ከፈተች።

ያኔ የአያቷን ፊት አየች። አገጫቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገዋል፤ ምላሳቸውን ከታችኛው ጥርስ ኋላ ሲያሳርፉ፣ በየማለዳው ጓሮ እንደሚያደርጉት፣ ጉንጫቸው ላይ ይታያል። ትንፋሽ እየወሰዱ ነበር።

ቶይባ አፏን ዘጋች።

«ስማኝ፣ አብዱልፈታህ» አሉ አባባ። «ስ»ዋ አፏጨች። ደላላው ከኋላ መልሶ አፏጨ፤ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። አባባ ዞር ብለው አላዩም። «ያን ቀን እዚሁ ቆሜ የነገርኩህ ውሸት ነው። ጥርሱን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ። በምን እንዳበላሸሁት ልንገርህ፤ እናንተም ቅረቡ፣ ስትስቁ አብራችሁ ብትስቁ ይሻላል።»

የቀዩ በሬ ባለቤት ለመስማት አንገቱን አሰገገ፤ በሬው ግን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ቶይባ ገመዱን ከእጁ ተቀብላ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፤ ሰውየው ቀረብ ብሎ እንዲሰማ ቦታዋን ለቀቀችለት።